ሐሙሲት፣ ሆሣዕና፣ ደብረ ብርሃን፦ የከተሞቻችን ስሞች ከየት መጡ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተለያዩ አጥቢያዎች የተውጣጣን ምእመናን በአንድ የጸሎት ኮንፈረንስ ላይ ተሰብስበን ነበር። እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ ስሙንና የመጣበትን ከተማ ይናገራል፤ ጌታን አመስግኖም ይቀመጣል። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ተነሥተው «ከናዝሬት ነው የመጣሁት» አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ቀስ ብሎ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ «አዳማ ነው የምትባለው አባባ» አለ። ለአፍታ ጸጥታ ሆነ። አባታችን ፈገግ አሉና «ልጄ፣ እኔ ጌታን ያገኘሁት ናዝሬት ነው፤ አንተ አዳማ አግኝተኸው ከሆነ ጌታው ያው አንድ ነው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ወጣቱ ግን አልሳቀም። በምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ሳጫውተው፣ «አያቴ እዚያው ተወልዳ እዚያው ነው የሞተችው። አንድ ቀን እንኳ ናዝሬት ብላ ጠርታት አታውቅም» አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሽማግሌው የዳኑባትን ከተማ፣ ወጣቱ ደግሞ የአያቱን ከተማ ነበር የሚጠሩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የከተማ ስም ሲጠራ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በየመንገዱ የምናልፋቸው ትናንሽ ከተሞች ብዙዎቹ እንግዳ የሆነ ስም አላቸው፤ ለምደነው እንጂ ቆም ብለን ብንሰማው ያስገርመናል። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ አብረን ጥቂቶቹን እንመልከት።

ሐሙስን አልፎ ማክሰኞ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ መጀመሪያ ሐሙሲትን ያልፋል። ከዚያ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን አልፎ ጎንደር ሊገባ ሲል ማክሰኝት ይደርሳል። ሐሙስን አልፎ ማክሰኞ መድረስ ማለት ይህ ነው! በደቡብ ጎንደር ታች ጋይንት ደግሞ አርብ ገበያ አለች። ሮቢት የሚባሉ ቦታዎችም ከአንድ በላይ ስለሆኑ አንዷን ለመለየት ሸዋ ሮቢት ማለት ግድ ሆኗል። ወደ ትግራይ ከተሻገርን በአዲግራትና በውቅሮ መካከል ዕዳጋ ሐሙስ፣ በአድዋ አካባቢ ደግሞ ዕዳጋ ዓርቢ አሉ። ዕዳጋ በትግርኛ ገበያ ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። በአንድ አካባቢ የሚገኙ ገበያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቢቆሙ ጨው የሚያመላልሰውም፣ በሬ የሚሸጠውም፣ ሸማ የሚያዞረውም አንዱ ጋ ብቻ ነው መድረስ የሚችለው። ስለዚህ ጎረቤት ገበያዎች የሳምንቱን ቀናት ተከፋፈሉ። ነጋዴው ማክሰኞ እዚህ፣ ረቡዕ እዚያ፣ ሐሙስ ደግሞ ወንዝ ማዶ እያለ ይዞራል። ገበያው የሚቆምበት ሜዳ በሌላው ቀን ባዶ ነው፤ ከአንዲት ዋርካና ከጥቂት ጎጆዎች በቀር የሚታይበት ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቦታ በቀኑ ካልሆነ በምን ይጠሩታል? «ወዴት ትሄዳለህ?» «ሐሙሲት።» በዚያው ቀረ። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ሱቁ በየቀኑ ክፍት ነው፤ ስሙ ግን ያችን አንድ የገበያ ቀን እንደያዘ ነው።

እንዲህ ያሉት ስሞች ማንም ንጉሥ አላወጀባቸውም። ብዙ እግር የረገጠው መንገድ ራሱ ያወጣቸው ናቸው። ለዚህም ይመስለኛል ሲጣሉባቸው ሰምቼ የማላውቀው።

ከኢየሩሳሌም የመጡ ስሞች

ሁለተኛው ወገን ግን በትልቅ ሐሳብ የተሰጠ ነው። አባቶቻችን የመጽሐፍ ቅዱስን አገር እግራቸው ባይረግጠውም በቤታቸው ዙሪያ ሊተክሉት ወደዱ። የላሊበላ ከተማ ቀድሞ ሮሐ ትባል ነበር፤ በኋላ በንጉሡ ስም ተጠራች። በውስጧ የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፣ ጎልጎታም አለ። በሸዋ ደብረ ሲና አለች። ደብረ ሊባኖስ ስሟ የመጽሐፍ ቅዱሱ ሊባኖስ ሲሆን፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን በፊት ደብረ አስቦ ነበር የምትባለው። በጎንደር በኩል ጌታ መልኩ የተለወጠበት ተራራ ነው ተብሎ በሚታመነው በታቦር የተሰየመችው ደብረ ታቦር አለች።

«ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ገዳማት በተራራ ላይ ስለሚሠሩ ቃሉ ቀስ በቀስ ለቤተ ክርስቲያኑም መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ «ደብረ» የሚል የከተማ ስም ስናይ ብዙ ጊዜ ተራራም ቤተ ክርስቲያንም አንድ ላይ ተነግረውናል ማለት ነው።

ስለ ደብረ ታቦር ካነሣን ለእኛ ለወንጌላውያን የምትቀርብ አንዲት ጎረቤት መንደር አለቻት፤ ጋፋት። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያስቀለጡባት ስፍራ ናት። መድፉን የሠሩት ሰዎች ወንጌልን በእጅ ሥራ እየደገፉ እንዲሰብኩ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተው መድፍ ቀላጮች ሆነው ቀሩ። የመድፉም ስም የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ስሟ ከገነነው የወደብ ከተማ ነው። በታቦር ተራራ ስም በተጠራች ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱ ያሳዝናልም ያስቃልም። ሆኖም ከዚያው ከክሪሾና ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ወጥቷል። ኦኔሲሞስ ራሱ ሲወለድ የተሰጠው ስም ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ስም አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱን ቀድሞ ይደርሳል።

ይህ የቅዱሳት ቦታዎችን ስም ተሸክሞ የመሄድ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የምትኖሩ ወገኖች ቤተልሔምና ናዝሬት የሚባሉ ጎረቤታማ ከተሞችን ታውቋቸው ይሆናል። የናዝሬትን መሬት እ.ኤ.አ. በ1740 የገዛው ታዋቂው ወንጌላዊ ጆርጅ ዋይትፊልድ ሲሆን ሐሳቡም ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ለመሥራት ነበር። ሥራውን እንዲሠሩለት የቀጠራቸው ሞራቪያውያን መሬቱን በኋላ ገዙት። ቤተልሔም ደግሞ ስሟን ያገኘችው በ1741 በገና ዋዜማ ምሽት ካውንት ዚንዘንዶርፍ ከሞራቪያውያኑ ጋር ሲያመልክ ነው። እነዚሁ ሞራቪያውያን ሆከር የተባለ ሐኪም በ1750ዎቹ ወደ ካይሮ ልከው ነበር። ዓላማቸው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ እንዲዘልቅ ቢሆንም ሳይሳካለት ቀረ።

የደብረ ብርሃን ብርሃን

ከሁሉም ስሞች ረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን የሚለውን ስም ስንሰማ «የብርሃን ተራራ» ብለን ደስ ይለናል። ብዙ ስብከትም ሰምተንበታል። የስሙ ታሪክ ግን ከዚህ ይከብዳል።

ከተማዋን የቆረቆሩት ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በዘመናቸው በአባ እስጢፋኖስ የተጀመረ አንድ የመነኮሳት ማኅበር ነበር፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው በማለት በንጉሡ ፊት አንሰግድም አሉ። ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አትሰግዱም ተብለውም ተከሰሱ። ንጉሡ ይህን እንደ መናፍቅነትም እንደ አመፅም ቆጠሩት። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ከመነኮሳቱ የተወሰኑት አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆርጦ በድንጋይ ተወገሩ። ቀኑ የካቲት 2 ነበር። ከ38 ቀናት በኋላ መጋቢት 10 በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን እንደተቀበለው የሚያሳይ ምልክት ነው አሉ። በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥትም ጨመሩ፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን ብለው ጠሩት። ከመጨረሻዎቹ 14 የሕይወት ዘመናቸው 12ቱን ያሳለፉት እዚያው ነው። ያን ጊዜ አንድ ንጉሥ በአንድ ቦታ ይህን ያህል መቀመጡ እምብዛም ያልተለመደ ነበር።

ስለ ብርሃኑ ምንነት አንዳንድ ጸሐፊዎች በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው ይላሉ። ነገር ግን ጅራታሙ ኮከብ በዚያ ዓመት የታየው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ ከመጋቢት ጋር አይገጥምም። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሰማዩ ነገር ሳይሆን የምድሩ ነው። አንድ ሰማያዊ ክስተት በሁለት ወገን ሊነበብ ይችላል። ወንድሞቻቸው የተወገሩባቸው መነኮሳት ያንኑ ብርሃን ቢያዩ ኖሮ ለሰማዕቶቻቸው የተሰጠ ምስክር ነው ብለው ባነበቡት ነበር። ስም የማውጣት ሥልጣን የነበረው ግን ንጉሡ ነው፤ ስለዚህም የቀረልን የእርሱ ንባብ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ወገኖቻችን ደቂቀ እስጢፋኖስን «የኢትዮጵያ ፕሮቴስታንቶች» አድርገው ሲያቀርቧቸው እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። በጾም፣ በምንኩስናና በቀኖና የጸኑ የተዋሕዶ መነኮሳት ነበሩ፤ ሉተርም ገና አልተወለደም። በትግራይ የሚገኘው ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዴ በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። እንደ ራሳቸው ሆነው ቢታወቁ ይበቃቸዋል። ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት ማንበብ የሚፈልግ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» የተሰኘ ትርጉም ያንብብ። በ1996 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን ገድላቸውን ከግእዝ ወደ አማርኛ የመለሰ ነው።

ዛሬ በደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ስሙን ሲጠራ ይህን ሁሉ ማሰብ አለበት አልልም። ግን አንድ ወንድም «ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከወንጌል ብርሃን ነው» ብሎ ሲመሰክር ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር፤ ዝም ማለቴ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ሆሣዕና

በሐዲያ የምትገኘው ሆሣዕና ስሟን ያገኘችው በሚኒልክ ዘመን ከሰሜን የመጣው ገዢ ከሠራዊቱ ጋር ቦታው ላይ የደረሰው በሆሣዕና ዕለት ስለነበር ነው እየተባለ ይነገራል። ከዚያ በፊት የአካባቢው ሕዝብ ቦታውን ዋቸሞ ይለው ነበር። ያም ስም አልጠፋም፤ በከተማዋ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚባለው።

ስሙን የሰጡት ሰዎች ስለ ትርጉሙ ምን ያህል እንዳሰቡ እንጃ። ምናልባት ዕለቱን ብቻ ነው ያሰቡት። ሆሣዕና ግን ከዕብራይስጥ የመጣ ጩኸት ነው፤ «አቤቱ፣ አሁን አድን» ማለት ነው (መዝ. 118፡25)። እ.ኤ.አ. በ1928 በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን መልእክተኞች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ። ያሰቡት ጅማ ለመድረስ ነበር። መንገዱ ግን ወደዚያ አልወሰዳቸውም፤ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎቻቸው አንዱ በሆሣዕና፣ ሌላው በወላይታ ሶዶ ተተከለ። ዛሬ ሐዲያ ወንጌላውያን አማኞች እጅግ ከሚበዙባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዘመቻ ጦር ያመጣውን ስም ሕዝቡ በራሱ አፍ ጸሎት አደረገው።

ናዝሬትና ደብረ ዘይት

አሁን ወደ ኮንፈረንሱ ጭውውት ልመለስ። አዳማ ናዝሬት የተባለችው በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ ጌታ ባደገባት ከተማ ስም። ቢሾፍቱ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደብረ ዘይት ተባለች፤ የወይራ ተራራ ማለት ነው። በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድም በዚሁ ስም ይጠራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢሾፍቱ፣ በ2000 ደግሞ አዳማ፣ ሁለቱም በይፋ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የቀድሞዎቹ ስሞች ምን ይላሉ? ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው። ሆራን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱን የመሳሰሉ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የከበቧት ከተማ በውሃ ብትሰየም ማን ይገረማል? አዳማም አዳሚ ከሚለው ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ቁልቋል ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች መሬቱን ያየ ሰው ያወጣቸው ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ለብዙ ወንጌላውያን «ናዝሬት» የቤተ መንግሥት ስም ብቻ አይደለም። የሜኖናይት ሚሲዮን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሆስፒታል የከፈተው፣ የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ የተሠራው፣ በ1960ዎቹ «ሰማየ ብርሃን» በሚል ስም የታወቀው የወጣቶች ኅብረት የተቀጣጠለው በዚያች ከተማ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1982 በደርግ ስትዘጋ በየቤቱ ተሸሽጎ የጸለየው ሰው ከተማውን የሚያውቃት ናዝሬት በሚለው ስም ነበር። ያ አባት «እኔ ጌታን ያገኘሁት ናዝሬት ነው» ሲሉ ይህን ሁሉ ማለታቸው ነው።

ይሁን እንጂ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ስለሆነ ብቻ ይበልጣል የሚለውን ክርክር እኔ አልቀበለውም። ናዝሬት በራሷ ዘመን የተናቀች መንደር ነበረች፤ ናትናኤል ምን እንዳለ እናውቃለን (ዮሐ. 1፡46)። ጌታ ያከበራት ገሊላ ያለችውን መንደር በመኖሪያነት በመምረጡ እንጂ የሌሎችን መንደሮች ስም በመፋቅ አይደለም። ይስሐቅም አባቱ አብርሃም የቆፈራቸውን፣ ፍልስጥኤማውያን ግን በአፈር የደፈኗቸውን ጉድጓዶች እንደገና ሲያስቆፍር አዲስ ስም አላወጣላቸውም፤ አባቱ በጠራቸው ስም ጠራቸው (ዘፍ. 26፡18)። ራሱ ያስቆፈራቸውን ግን ራሱ ሰየማቸው። ያዕቆብ ሎዛን ቤቴል ሲላት ደግሞ ጸሐፊው የቀድሞ ስሟን አልደበቀም (ዘፍ. 28፡19)፤ በመጽሐፈ መሳፍንትም እንደገና ተነሥቷል። ስለዚህ እኔ ስጽፍ አዳማ እላለሁ፤ የእነዚያን ዓመታት ምስክርነት ስጽፍ ግን ሰዎቹ እንዳሉት ናዝሬት ብዬ እተወዋለሁ። አንባቢ ሊቀየመኝ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ቢሾፍቱ የወይራ ተራራ የተባለችባቸው ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው የተወለዱት በሐረርጌ ኤጄርሳ ጎሮ በምትባል ቦታ ነው። ኤጄርሳ በኦሮምኛ ወይራ ነው። ወይራን ፍለጋ እስከ ኢየሩሳሌም መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ በተወለዱበት መንደር ስም ውስጥ ነበር።

የምኞት ስሞች

ብዙ ከተሞች ደግሞ የተሰየሙት በሆነው ሳይሆን እንዲሆን በተመኙት ነው። ሀገረ ሰላም፣ ይርጋ ዓለም፣ ዓለም ጤና፣ ፍኖተ ሰላም፣ ክብረ መንግሥት። ክብረ መንግሥት የወርቅ አገር የሆነችው አዶላ ናት፤ ስሙ የማንን ክብር እንዳሰበ ግልጽ ነው። አምቦ ሀገረ ሕይወት የተባለችው ስለሚፈውሰው ፍል ውሃዋ ነው። ስሙ ግን በሕዝቡ አፍ አምቦን አላሸነፈም፤ ጠርሙሱም «አምቦ ውሃ» ብሎ ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ የአዲስ ዓለም ታሪክ ይለያል። በ1900 አካባቢ አዲስ አበባ ማገዶዋ አልቆ ነበር፤ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። አጼ ሚኒልክም ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብለው አዲስ ከተማ ለመቆርቆር አሰቡ፤ ስሟንም አዲስ ዓለም አሏት፤ ቤተ መንግሥትም ተጀመረ። በመካከሉ ግን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ በቅሎ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አዳናት። የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ ዓለምም ዋና ከተማ ሳትሆን ስሟን ብቻ ይዛ ቀረች።

ጆሮ ሲሳሳት

ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ፍቼን አልፈን ገብረ ጉራቻ እንደርሳለን። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህን ሲሰማ እንደ ገብረ መድኅን፣ እንደ ገብረ ማርያም የሰው ስም ይመስለዋል። ጉራቻ የሚባል ቅዱስ ግን የለም። በኦሮምኛ ጋርባ ሰፊ ውሃ ነው፤ ጉራቻ ጥቁር ማለት ነው። ጆሯችን የማያውቀውን ድምፅ ወደሚያውቀው ቃል አዙሮት ነው። ቀጥሎ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለችው ጎሐ ጽዮን ግን ግእዟ ጥርት ያለ ነው፤ የጽዮን ንጋት ማለት ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለችው ደጀን ደግሞ ከኋላ ሆኖ የሚያግዝ ኃይል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት በመድረክ ላይም ይገጥመናል። አንዳንድ ሰባኪ «አዳማ ማለት አዳም ከሚለው ነው፤ በዕብራይስጥ አፈር ማለት ነው» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እንዲያውም በኢያሱ 19፡36 በንፍታሌም ርስት ውስጥ አዳማ የምትባል ከተማ አለች። ድምፁ መግጠሙ ግን ዝምድና አይሆንም። ሁለት ሰዎች ስማቸው ስለተመሳሰለ ወንድማማች ናቸው አይባልም። የቦታ ስም ትርጉም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በዚያ ቦታ ጥንት ማን ይኖር እንደነበረና ምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር ይጠይቅ። ቀጥሎም ቆሞ ዙሪያውን ይመልከት፤ ውሃ አለ? ቁልቋል አለ? ገበያው የሚቆመው በየትኛው ቀን ነው? ሽማግሌዎቹም እንዴት እንደሚጠሩት ጆሮውን ሰጥቶ ይስማ፤ በደብዳቤ ላይ የሚጻፈውና በአፍ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ይለያያል። በሦስቱም መንገድ ጠይቆ መልሱ ካልገጠመለት፣ ያገኘውን ተረት «እንዲህ ይባላል» ብሎ ቢያቀርበው ይሻላል።

ይህን ብዬ እኔም አንድ «ይባላል» ልጨምር። ሻሸመኔ የሚለው ስም የመጨረሻው ክፍል «መኔ» በኦሮምኛ «መና» ከሚለው ጋር ይያያዛል፤ ቤት ማለት ነው። ሻሼ የተባለች አንዲት ሴት ነበረች ይባላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ሲመሽበት ቤቷ ያድር ነበር። ታበላዋለች፣ ታጠጣዋለች። መንገደኛው በማግስቱ ሌላውን ሲያገኝ «የት አደርክ?» ሲሉት «መና ሻሼ» ይላል፤ የሻሼ ቤት። ዛሬ ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሌና ከወላይታ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ትልቅ ከተማ ናት። በመናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ የሚሰማው ተሳፋሪ አብዛኛው ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ልብ አይልም።